ከማለቂያው ያለፈች ዓረፍተ ነገር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ያስረከብሁት ንብረት ዝርዝር ግማሽ ገጽ አልሞላም። አንድ የድምፅ መቅጃ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ፣ መታወቂያዬ፣ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ። የንብረት ክፍሉ ሰው «ሌላ የቀረ ነገር የለም?» አለኝ። የለም ብዬ ፈረምሁ። ከመሳቢያዬ ሥር ግን በካኪ ፖስታ የተቀመጠ ባለ ሁለት ገጽ የላቦራቶሪ ውጤት ነበረ። የመሥሪያ ቤቱ ስላልሆነ ይዤው ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ወረቀት ነው።

ሪፖርተር ነበርሁ። የክልሉ ሬዲዮ ሠራተኛ ሆኜ መጀመሪያ ጋይንት፣ ቀጥሎ እስቴ፣ ረጅሙን ዘመን ደግሞ ደብረ ታቦር ቅርንጫፍ ሠራሁ። ደመወዙ ያኖራል፣ አበሉ ይዘገያል፤ ስለዚህ ጉዳይ ሌላ የምለው የለኝም። ሥራውን ግን ከእግር እስከ ራሱ አውቀዋለሁ። ጉና ተራራ ላይ ባትሪ በብርድ ስለሚሞት በብብት ይዘው ይወጣሉ። ነፋስ ሲበረታ ማይክራፎኑን በጋቢ ጫፍ ይሸፍኑታል። ገበሬን ቆመው አያናግሩትም፤ አብረውት ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃሉ፣ መቅጃው ከዚያ በኋላ ነው ከቦርሳ የሚወጣው። ቀድሞ ከወጣ ሰውየው ለመንግሥት መናገር ይጀምራል።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ የቅርንጫፉ ኃላፊ ጋሼ ውበቱ ናቸው። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲቆጡ ይበልጥ ዝቅ የሚል ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ሚኒባስ ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠና ዜናውን እየሮጥሁ አመጣሁ።

«ስንት ሰው ሞተ?» አሉኝ።

«ወደ ዘጠኝ፣ ጋሼ።»

«ወደ ዘጠኝ የሚባል ሬሳ የለም። ተመለስና ቁጠር።»

ሆስፒታል ሄጄ አንድ በአንድ ቆጠርሁ። ስምንት ነበሩ። ዘጠነኛው ከአደጋው በፊት ወርዶ ቤቱ ደርሷል። ተመልሼ ስነግራቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «አየህ፣ አንድ ሰው ገድለህ ነበር» አሉ።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው ማስመሪያቸው ነው። ጽሑፋችንን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጉና የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በእንጨት ማስመሪያ ይሸፍኗታል። ያለ እሷ አንድ ጊዜ ያነቡታል። «ይህች ባትኖር ምን ይጎድላል?» ይላሉ። መልስ ካጣን በማስመሪያው ጠርዝ ይቀዷታል። የጠረጴዛቸው አንድ እግር አጭር ስለነበረ ብጣሾቹን እያጣጠፉ ከሥሩ ይከቷቸዋል። «የእናንተ ትርፍ ነገር ቢያንስ ጠረጴዛ ደገፈ» ይሉ ነበር። ሁለተኛው ልማዳቸው ማንኛውንም ሰነድ ከኋላ ገጽ መጀመር ነው። «ሰው ሊያሳይህ የሚፈልገውን ፊት ያደርጋል። አንተ የምትፈልገው ኋላ ነው ያለው።»

ጋሼ ውበቱ ጡረታ ወጡ፣ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ማስመሪያዋ ለእኔ ቀረች። ቀስ በቀስ ግን ጽሑፍ በኮምፒውተር ሆነና ማስመሪያዋ መጋረጃ ማስያዣ ሆነች።

ቢምረው ወደ ቢሯችን የመጣው በጋ ላይ ነው። ከአንበሳሜ ወጣ ብሎ ያለ ገበሬ ነው፤ የቀበሌውን ስም አሁን አልጽፍም፣ ያኔ ግን በሬዲዮ ጠርቼዋለሁ። ማስተዋል የምትባለውን የስድስት ዓመት ልጁን አዝሎ ነበር። ከንፈሯና የጥፍሯ ሥር ነጭ ነው። አውርዶ ወንበር ላይ ሲያስቀምጣት ወንበሩ ላይ እንዳለች ጋደም አለች።

«የልጄ ደም አይበረክትም» አለኝ። «በየሦስት ሳምንቱ እዚህ ሆስፒታል ይሰጣታል። ለተሰጣት ምትክ እኛ እንሰጣለን። እኔና ሦስት ወንድሞቼ ተራ ይዘናል። ሐኪሙ አንድ ሰው ከሰጠ በኋላ ሦስት ወር ይረፍ ይላል። አራት ነን፣ ልክ ትደርሰናለች።»

«ወንድሞችህ አያጉረመርሙም?»

ሳቀ። «ታናሽየው 'ላም አደረጋችሁን፣ እሷስ ገለባ ታገኛለች' ይላል። ግን ይመጣል። አንዱ ቢታመምብኝ ነው የምፈራው። አምስተኛ ሰው የለኝም። ሰው ደም እንዲሰጥ ተናገሩልን።»

የጠየቀኝ ይህን ብቻ ነው።

ልጅቱን የሚከታተሏት ሐኪም ወደ ዩኒቨርሲቲው መሩኝ። ዶክተር ፍሬሕይወት የምትባል የሥነ ሕይወት መምህርት በልጅቱ ነገር ተመስጣ የልጅቱንና የሁለቱን ወላጆቿን ደም በወዳጇ በኩል ውጭ አገር አስመርምራ ነበር። ውጤቱ ገና መድረሱ ነው። መብራት ስለጠፋ በመስኮት አጠገብ ቁጭ ብለን አነጋገረችኝ።

«መጽሐፍ የሚገለብጥ ሰው የት ላይ እንደሚያቆም በምን ያውቃል?» አለችኝ።

«መጽሐፉ ሲያልቅ ነዋ።»

«እዚህ መጽሐፉ አያልቅም። ችግሩ እሱ ነው።»

ያስረዳችኝን በማስታወሻዬ እንዳለ እጽፈዋለሁ። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ፣ እንብርቱ ላይ፣ ከቤቱ የማይወጣ ትልቅ መጽሐፍ አለ። ሰውነት አንድ ነገር መሥራት ሲፈልግ፣ ለምሳሌ ደምን ቀይ የሚያደርገውን ሄሞግሎቢን፣ ያችን ምዕራፍ ብቻ ያስገለብጣል። ምዕራፏ ዘረ መል ትባላለች። ገልባጩ በመጽሐፉ ላይ ፊደል በፊደል እየሄደ ቀጭን ክር የመሰለ ግልባጭ ይተፋል። ከቤት ወጥቶ ሥራ የሚያሠራው ግልባጩ ነው።

«ምዕራፏ ስታልቅ ማን ያስቆመዋል?» አልኋት።

«ወዲያው ማንም አያስቆመውም። በማለቂያው ላይ ስድስት ፊደል ያላት ምልክት አለች። ገልባጩ እሷንም ገልብጦ ያልፋል። አብረውት የሚጓዙ ቆራጮች ግን ምልክቷ ግልባጩ ላይ ስትወጣ ያውቋታል። ትንሽ ዝቅ ብለው ይቆርጡታል። የተቆረጠው ግልባጭ ጅራት ተቀጥሎለት ወደ ሥራው ይወጣል።»

«ገልባጩስ?»

«አልሰማም! መቆረጡን ሳያውቅ ይጽፋል፣ ይጽፋል። ለማንም የማይጠቅም ነገር።»

«እስከ መቼ?»

«ከቁራጩ በኋላ የቀረው ክር ጫፉ ክፍት ነው። በዚያ በኩል አንድ በላተኛ ይገባና ትርፉን ከኋላው እየበላ ያሳድደዋል። ገልባጩ ምልክቷን ካለፈ በኋላ ይዘገያል። በላተኛው ይደርስበትና ከመጽሐፉ ላይ ያወርደዋል። በዝርዝሩ ላይ ተመራማሪዎች ገና ይከራከሩበታል፤ ጠቅላላው ግን ይኸው ነው። የሚያቆመው ራሱ አይደለም፤ የሚደርስበት ነው።»

ጋሼ ውበቱን አስታወስሁ። ማስመሪያቸው ታየኝ።

ቀጥላ የመጀመሪያውን ገጽ አሳየችኝ። በቢምረው ምልክት ላይ ከስድስቱ ፊደሎች አንዷ ተለውጣለች። ቆራጮቹ አብዛኛውን ጊዜ አያውቋትም፤ ግልባጩ ሳይቆረጥ ይረዝማል፣ ይበላሻል፣ ሕዋሱም ይጥለዋል። ቢምረው ከሌላው ወላጁ የወረሰው ደህና ምዕራፍ ስላለው ችግሩ አይሰማውም። ማስተዋል ግን በእናቷም በኩል ደህናው አልደረሳትም።

«የእናቷ ሁለተኛው ገጽ ላይ አለልዎት» አለች። በሩ ላይ ተማሪዎቿ ቆመው ነበር። «ክፍል ገባሁ። ኮፒውን ይውሰዱት፣ ያንብቡት፣ ያልገባዎትን ይደውሉልኝ።»

ኮፒውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። እንግሊዝኛው ከአቅሜ በላይ አልነበረም። ጊዜም ነበረኝ፤ ማክሰኞ ነበር፣ ፕሮግራሙ ቅዳሜ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብሁት፣ ምክንያቱም ደስ ብሎኝ ነበር። ገልባጩን፣ ቆራጩንና በላተኛውን በሬዲዮ እንዴት እንደምናገራቸው ሳስብ ሰነበትሁ። ሁለተኛውን ገጽ አልገለጥሁም።

ቅዳሜ ዕለት ከቢሮዬ በስልክ ቀጥታ ገባሁ። ቢምረውን በድምፁ አሰማሁ፣ ገልባጩን ተናገርሁ፣ ደም መስጠት የሚፈልግ ወዴት እንደሚሄድ ነገርሁ። የጻፍሁት እዚያ ላይ አለቀ። ስቱዲዮ ያለው አቅራቢ ግን ጊዜ ተርፎት ነበር።

«አንድ ደቂቃ ይቀረናል» አለ። «እንዲህ ያለ ብርቅ ነገር እንዴት ከእናትም ከአባትም በኩል ተገጣጠመ?»

«እንዲህ ያለው በሽታ ዘመዳሞች ሲጋቡ ይበዛል» አልሁ።

ዓረፍተ ነገሯ ውሸት አይደለችም። የሕክምና መጻሕፍት ይሏታል። ስለ ቢምረውና ስለ ሚስቱ ስለ እናኑ ግን አንዳች አላውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ደብረ ታቦር ላይ ሰው ደም ሊሰጥ ተሰልፎ አየሁ። አለቆቼ ደውለው አመሰገኑኝ። ረቡዕ ቢምረው ደወለ። ጀርባው ላይ ጫጫታ ነበረ፤ የአንበሳሜ የገበያ ቀን ነው።

«ጋሼ፣ ምን አሉብን?»

«ምን አልሁ?»

«ዘመዳሞች ናቸው አሉ። አገሩ ሁሉ ሰምቶታል። እናቴ 'እህትህን ያገባህበት ቤት አልገባም' ብላለች።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው ፖስታውን አውጥቼ ሁለተኛውን ገጽ ያነበብሁት። የእናኑ የፊደል ስሕተት ከቢምረው ጋር አንድ አልነበረም። የእሷ በምዕራፏ መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ የእሱ ማለቂያው ላይ። ሁለት የተለያዩ ስሕተቶች፣ ከሁለት የተለያዩ አያቶች የመጡ፣ ሴት ልጃቸው ላይ የተገናኙ። ዘመዳሞች ቢሆኑ ኖሮ ሊጠበቅ የሚገባው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት ነበር። ገጹ ሃያ መስመር አይሞላም።

በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይቆጠራል። ከሁለቱም ወገን አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሰባት ቤት ወዲህ የተገናኘ አይጋባም፣ ተጋብቶ ከተገኘም ይለያያል። ዘር የሚቆጥረው ስም የማይጠፋበት ሽማግሌ ነው። የቢምረውንና የእናኑን የቆጠሩት የቢምረው አጎት መሪጌታ ጓዴ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በቅኔ ማስተማር የጨረሱ ሰው። ስድስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ በሁለቱም በኩል «ከእስቴ የመጣች» የምትባል፣ ስሟን ማንም የማያስታውሳት አንዲት ሴት ተገኘች። አንድ ሰው ትሁን ሁለት ሰው አልታወቀም። መሪጌታ ያን ጊዜ «እስቴ ሰፊ አገር ነው» ብለው አለፏት። ጥርጣሬዋን የሚያውቁ ጥቂት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ዓመታት ዝም ብለው ኖሩ። ቅዳሜ ዕለት ሬዲዮው ያችን ሴት አንድ አደረጋት።

ሐሙስ በሚኒባስ አንበሳሜ ሄድሁ፤ ከዚያ በእግር። ቢምረው ከበረቱ አጠገብ ቆሟል፣ አያየኝም። መሪጌታ ጓዴ ደጃፉ ላይ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እናኑ ልጅቱን ይዛ ወደ እናቷ አገር ወደ ወንዛዬ ሄዳለች አሉኝ፤ «ነገሩ እስኪጣራ»። ከዚያ በላይ ስለ እሷ አልጠየቅሁም።

«የኔታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልሁና ወረቀቱን አውጥቼ ሁለተኛውን ገጽ ተረጎምሁላቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«አንተ ስንት ቤት ቆጥረህ ነው የተናገርኸው?» አሉኝ።

«አልቆጠርሁም፣ የኔታ።»

«እኔ ስድስት ቤት ቆጥሬ፣ ተጠራጥሬ፣ ዝም አልሁ። በአፍ ያልወጣ ጥርጣሬ ቤት አያፈርስም። አንተ አንድም ሳትቆጥር ተናገርህ።» ወደ ወረቀቱ አመለከቱና «መልካም። አሁን እንግዲህ ማልልኝ። ዘመድ አይደሉም ብለህ ማልልኝና እኔ ራሴ ልጅቱን ከነእናቷ ላምጣቸው» አሉ።

ቢምረው ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ያየኝ።

ወረቀቱ ይህን አይልም። ሁለቱ ስሕተቶች የተለያዩ ናቸው ይላል፤ በሽታው የዝምድና ምስክር አይሆንም ይላል። ከእስቴ የመጣችው ሴት አንድ ትሁን ሁለት የሚያውቅ ላቦራቶሪ የለም።

«መማል አልችልም፣ የኔታ» አልሁ። «ወረቀቱ ያንን አይናገርም። በሽታው ዘመድነታቸውን አያሳይም ነው የሚለው።»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህችን ጥንቃቄ ቅዳሜ ዕለት ወዴት አድርገሃት ነበር?»

ወረቀቱን አጥፌ ወደ ፖስታው መለስሁት። ያን ቀን ብምል ኖሮ እያልሁ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ዘመኔን ሙሉ ያልቆጠርሁትን አልናገርም ብዬ የኖርሁ ሰው፣ ሳልቆጥር የተናገርሁት አንድ ቀን ነው፤ ደንቤን ያከበርሁበት ቀን ደግሞ ያንኑ ያህል አስከፊ ሆነ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሽታው የዝምድና ምስክር አለመሆኑን የሚናገር እርማት አስነበብሁ። እርማት እንደ ዜና አይደመጥም። ገበያ ላይም ማንም አላወራውም። ቢምረው ሚስቱን አልፈታም፣ አላመጣትምም፤ እናቱ እስክትሞት ሊጠብቅ የቆረጠ ይመስል ነበር። ወንድሞቹ ተራቸውን ተዉ። ጠልተውት አይደለም፤ ታላቅየው «የሚጠራን ጠፋ» አለኝ። ልጅቱ በአባቷ ቤት ሳለች ተራው ሲደርስ ቢምረው በራቸውን ያንኳኳ ነበር። ከወንዛዬ የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም። የእናኑ ወንድም አንድ ጊዜ ሰጠ። የከተማው ሰው ለአንድ ሳምንት ተሰልፎ ነበር፤ ሳምንቱ አለፈ። ክረምቱ ገባና መንገዱ አንዳንዴ ለቀናት ይዘጋ ጀመር። ያች በየሦስት ሳምንቱ የምትመጣ ልጅ አንድ ጊዜ በስድስተኛው፣ አንድ ጊዜ በስምንተኛው ሳምንት መጣች። ሐኪሙ ለዶክተር ፍሬሕይወት ነግረዋት፣ እሷ ነገረችኝ።

ማስተዋል በፍልሰታ ጾም ሞተች። ዜና አልሠራሁበትም።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ሠራሁ። ማስመሪያዋን ከመጋረጃው ላይ አወረድሁና ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ እያስጠጋሁ የመጨረሻውን መስመር መሸፈን ጀመርሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ይስቁብኝ ነበር። ማንኛውንም ወረቀት ከኋላ ገጽ እጀምራለሁ። ይህ ሁሉ ከረፈደ በኋላ ነው።

ዕቃ ባስረከብሁ በሳምንቱ ፖስታውን ይዤ ወደ ወንዛዬ ሄድሁ። ሐሙሲት ከተማ ወርጄ በባጃጅ ገባሁ። የበጋ ቀን ነው፤ ፍል ውኃው ዙሪያ ሊታጠብ የመጣ ሰው ብዙ ነበር፣ በቃሬዛ የመጣም አለ። እናኑን ከመውረጃው አጠገብ አገኘኋት። ለሚታጠቡት ሳሙናና ዳቦ ትሸጣለች። በአካል አይታኝ አታውቅም። ስሜን ስነግራት እጇ ላይ የያዘችውን ሳሙና ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ጋዜጠኛው እርስዎ ነዎት?»

«ነበርሁ።»

«መቅጃውስ?»

«አስረክቤዋለሁ። ጡረታ ወጣሁ።»

«ደግ ነው። ከእንግዲህ የሚሰማዎት የለም።»

አንዲት ሴት ዳቦ ገዝታ እስክትሄድ ቆምሁ። ከዚያ ወረቀቱን አወጣሁ። ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል ነገርኋት። ከሁለተኛው ገጽ ግርጌ የምዕራፏ ሥዕል አለ፤ ረጅም መስመር፣ በላዩ ሁለት ጭረት።

«እኔ ፊደል አልቆጠርሁም» አለች። «የኔ የትኛው ነው?»

የመጀመሪያውን ጭረት አሳየኋት። እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና አውራ ጣቷን አሳረፈችበት።

«የሱስ?»

የመጨረሻውን አሳየኋት። ትንሿን ጣቷን ዘርግታ ልታደርሰው ሞከረች። ሙሉ ስንዝሯ ተዘርግቶ ነው የደረሰችበት።

«አይነካኩም» አለች።

«አይነካኩም።»

«ይህን የኔታ ጓዴ አይተውታል?»

«አሳይቻቸዋለሁ።»

«ቢምረውስ?»

«እዚያው ነበር።»

«በሬዲዮም ተናግረውታል።»

«ተናግሬዋለሁ።»

እጇን ከወረቀቱ ላይ አነሣች።

«እንግዲያው ሳታየው የቀረችው የልጅቱ እናት ብቻ ናት» አለችኝ።